ፊትና ጎን የሌለው ዓምድ

ሮም ውስጥ ኮሎሲየም የሚባለው ታላቅ የትርኢት ስፍራ በ80 ዓ.ም. ሲመረቅ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በውጭ ግድግዳው ላይ ሦስት ረድፍ ግማሽ ዓምዶች አንዱ በሌላው ላይ ተደርድረውበት ነበር። የታችኞቹ ራሳቸው ሜዳ የሆነ የዶሪክ ወገን ናቸው። የመካከለኞቹ እንደ በግ ቀንድ የተጠቀለለ ራስ ያላቸው አዮኒክ ናቸው። የላይኞቹ ደግሞ ራሳቸው በቅጠል የተከበበው ቆሮንቶሳውያን ናቸው። ይህን ሦስተኛ ረድፍ ረጋ ብሎ የሚያይ ሰው ግን አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ይገጥመዋል። ቅጠሎቹ አልተቀረጹም። ጠርዛቸው አልተሰነጣጠቀም፣ ጅማታቸው አልወጣም፤ ጫፋቸው ወደ ውጭ የታጠፈ ልሙጥ የድንጋይ ምላስ ሆነው ቀርተዋል። ጠራቢው ጀምሮ የተወው ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ረድፉ በሙሉ እንዲህ ስለሆነ ስንፍና ወይም ችኮላ ነው ማለት አይቻልም። ከመሬት ላይ ያለ ዓይን ዝርዝሩን እንደማያይ ስላወቁ ዝርዝሩን ተዉት። ቆሮንቶሳዊው ዓምድ በየመጽሐፉ ከሦስቱ የግሪክ ዓምዶች ሁሉ ያጌጠው፣ ለታይታ የተሠራው እየተባለ ይነገርለታል። እውነቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጌጡ ሲቀር ዓምዱም በቀረ ነበር። ሮማውያን ግን ጌጡን ትተው ቅርጹን አስቀሩ። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተውም ለዚሁ ቅርጽ ነው፤ ቆሮንቶሳዊው ዓምድ ሌሎቹን ሁለቱን አሸንፎ ከብሪታንያ እስከ ሶርያ የተስፋፋው ሌሎቹ ሊፈቱት ያልቻሉትን የግንባታ ችግር ስለፈታ ነው፤ ያም ችግር የማዕዘን ችግር ነው።

ከቅርብ ሆነን እንየው። ክቡ ግንድ ከሚያበቃበት ቀጭን ቀለበት በላይ በመጀመሪያ ስምንት ቅጠሎች ዙሪያውን ይነሳሉ። ከእነሱ ኋላ፣ በየክፍተታቸው ውስጥ፣ ቁመታቸው የረዘመ ሌሎች ስምንት ቅጠሎች ብቅ ይላሉ። በነዚያ መካከል አገዳዎች ወጥተው ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንዱ ቅርንጫፍ ወደ መካከል ተጠቅልሎ አቻውን ይገናኛል፣ ሁለተኛው ወደ ማዕዘን ሄዶ ከላይ ያለውን ጠፍጣፋ ክዳን ድንጋይ ጫፍ ከሥር ይደግፋል። የክዳኑ አራት ጎኖች ወደ ውስጥ ጎበጥ ያሉ ናቸው፤ በየጎኑ መካከል አንድ አበባ አለ። ቅጠሉ አካንቱስ የሚባለው እሾኻም ተክል ነው። ይህ ተክል ለእኛም ባዕድ አይደለም፤ በደጋው አገር ኮሸሽላ ከምንላቸው እሾኻሞች መካከል የዚሁ የአካንቱስ ወገን የሆነ አለ፤ አበባው ቀይ ነው፣ የሚበቅለውም በኢትዮጵያ ብቻ ነው። በየአጥሩ ሥር የሚታየውን ያንን የተሰነጣጠቀ ቅጠል ያስተዋለ ሰው፣ የግሪክ ጠራቢ በእብነ በረድ ላይ ምን ሊያወጣ እንደደከመ ይገባዋል። የዚህ ሁሉ ቅጠልና አገዳ ሥራ ግን አንድ ነው። ከታች ክብ የሆነውን ነገር ከላይ አራት ማዕዘን ከሆነው ነገር ጋር ማገናኘት፣ ያንንም ከየትኛውም ወገን ሲያዩት አንድ ዓይነት እንዲሆን አድርጎ መፈጸም።

ስለ አመጣጡ የሚነገረው ታሪክ ከቪትሩቪየስ የመጣ ነው። ይህ ሮማዊ መሐንዲስ ለአውግስጦስ ቄሣር ባበረከተው የሕንፃ መጽሐፍ፣ በአራተኛው ክፍል፣ እንዲህ ሲል ይተርካል። በቆሮንቶስ ከተማ ለማግባት የደረሰች አንዲት ልጃገረድ ታማ ሞተች። ሞግዚቷ ልጅቱ በሕይወቷ ሳለች ትወዳቸው የነበሩትን ትንንሽ ዕቃዎች በቅርጫት ሰብስባ መቃብሯ ላይ አስቀመጠችና ዝናብና ፀሐይ እንዳያበላሻቸው በጣሪያ ሸክላ ከደነችው። ቅርጫቱ ያረፈው ሳይታወቅ በአካንቱስ ሥር ላይ ነበር። ጸደይ ሲመጣ ሥሩ አቆጠቆጠ፤ ቅጠሉም በቅርጫቱ ዙሪያ ወጣ፤ የሸክላው ማዕዘን ሲከለክለው ጫፉ ተጠምዞ ወደ ውጭ ተጠቀለለ። በእብነ በረድ ሥራው ረቂቅነት አቴናውያን ያደነቁት ካሊማኮስ በዚያ ሲያልፍ ይህን አየና ለቆሮንቶስ ሰዎች በዚያ አምሳል ዓምድ ሠራ። ካሊማኮስ በእውነት የነበረ ሰው ነው። ተጓዡ ፓውሳንያስ፣ በአቴንስ ኤሬክቴዮን ውስጥ ዘይቱ በዓመት አንዴ ብቻ የሚሞላውን የወርቅ መብራት የሠራው እሱ እንደሆነ፣ ጢሱንም የሚያወጣ እስከ ጣሪያ የደረሰ የነሐስ ዘንባባ በላዩ እንደነበረ ጽፏል። የኖረበት ዘመን፣ አምስተኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ማብቂያው ላይ፣ የመጀመሪያው ቆሮንቶሳዊ ዓምድ ከቆመበት ዘመን ጋር ይገጥማል። ስለዚህ ታሪኩን እንደ ተረት ብቻ ቆጥሮ መጣል አይገባም። በዚያው ዘመን አቴናውያን ለሙታን በሚያኖሯቸው ነጭ የሸክላ ማሰሮዎች ላይ አናታቸው በአካንቱስ ያጌጠ የመቃብር ድንጋዮች ተስለው ይገኛሉ፤ ቅጠሉና መቃብሩ በእርግጥ የተያያዙ ነበሩ። ነገር ግን ታሪኩ የሚመልሰው ቅጠሉ ከየት መጣ የሚለውን ነው። ግንበኞች ለምን ፈለጉት፣ ለምንስ ከመቃብር ድንጋይ አናት አውርደው ጣሪያ ተሸካሚ አደረጉት ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። ደወል መሰል የዓምድ ራስ ከግብፅ የተወሰደ ነው የሚሉም አሉ፤ የግብፅ ዓምዶች የዘንባባና የደንገል ራስ እንዳላቸው አይካድም። ይሁን እንጂ ግሪኮች ግብፅን ማየት ከጀመሩ ብዙ ዘመን አልፎ ነበር፤ ያየነውን ነገር ሁሉ ያን ጊዜውኑ አንወስድም፣ የምንወስደው ሲቸግረን ነው።

የቸገራቸው ምን ነበር? የዶሪክን ቤተ መቅደስ እንውሰድ። ከዓምዶቹ በላይ ባለው አግዳሚ ላይ ሦስት ቀጥ ያሉ ዘንጎች የተቀረጹበት ሰሌዳ እየተፈራረቀ ይሄዳል። ደንቡ ሁለት ነገር ያዛል። እያንዳንዱ ዓምድ ላይ፣ ልክ በመካከሉ አናት፣ አንድ ሰሌዳ ይኑር፤ የረድፉ መጨረሻ፣ ማለትም የሕንፃው ማዕዘን፣ በሰሌዳ ይዘጋ። ሁለቱ ደንቦች ማዕዘኑ ላይ ይጋጫሉ። አግዳሚው ከሰሌዳው ይልቅ ወፍራም ስለሆነ የመጨረሻው ዓምድ መካከልና የሕንፃው ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ አይውሉም። ግሪኮች ይህን ለማስታረቅ የማዕዘኑን ዓምድ ወደ ጎረቤቱ ጠጋ ያደርጉት ነበር፤ በዓይን የማይታወቅ ይመስላል እንጂ ከዚህ የተነሳ የሕንፃው ልክ በሙሉ ከመሠረቱ ጀምሮ እንደገና ይሰላል። አዮኒክ ከዚህ ችግር ነፃ ነው፤ ግን የራሱ አለው። የአዮኒክ ራስ ፊትና ጎን ያለው ነው። ከፊት ሲያዩት ሁለት ጥቅልሎች ይታያሉ፤ ከጎን ሲያዩት እንደ ተጠቀለለ ትራስ ነው። ቤተ መቅደሱ በአራቱም ወገን ዓምድ ሲኖረው የማዕዘኑ ዓምድ ለሁለት መንገድ ፊቱን ማሳየት አለበት። ጠራቢዎቹ ማዕዘኑ ላይ ያለውን ጥቅልል በሰያፍ ጎትተው አወጡት፤ ከኋላ በኩል ግን ሁለት ግማሽ ጥቅልሎች እርስ በርስ ተጋጭተው ቀሩ። በአቴንስ አክሮፖሊስ ላይ ያለውን የአቴና ኒኬን ትንሽ ቤተ መቅደስ የማዕዘን ዓምድ ከውስጥ በኩል የሚያይ ሰው፣ ያን ያህል የተዋጣለት ጠራቢ እዚያች ነጥብ ላይ እጅ እንደሰጠ ያያል።

ከዚህ በኋላ ነው በደቡብ ግሪክ፣ በአርካድያ ተራራ ላይ የሚገኘው የባሴ ቤተ መቅደስ ትርጉም የሚሰጠው። የአፖሎ ነው፤ ፓውሳንያስ እንደሚለው የሠራው የፓርተኖኑ ኢክቲኖስ ነው። በውጭ ዶሪክ ነው። በውስጥ ግን ከግድግዳው በወጡ አጫጭር ክንፎች ጫፍ ላይ አዮኒክ ዓምዶች ቆመዋል፤ የእነዚህ ራስ ሌላ ቦታ እንዳለው አይደለም፣ በሦስት ወገን ፊት እንዲኖረው ሆኖ ነው የተቀረጸው። አርክቴክቱ ፊትና ጎን የሚባለውን ነገር ሊያጠፋው እየታገለ ነበር። ከዚያ በውስጠኛው ክፍል ጫፍ፣ ልክ መካከሉ ላይ፣ ብቻውን የሚቆም አንድ ዓምድ አደረገ፤ ራሱ በአካንቱስ የተከበበ ነበር። እስከ ዛሬ ከሚታወቁት ቆሮንቶሳዊ ዓምዶች ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው። ራሱ ተሰባብሮ ጥቂት ቁርጥራጭ ብቻ ቀርቷል፤ መልኩን የምናውቀው ጀርመናዊው አርክቴክት ሃለር ፎን ሃለርሽታይን በ1811 እና በ1812 በቦታው ተገኝቶ ስለሣለው ነው። እዚህ ላይ የሚነሳ ብርቱ ተቃውሞ አለ። አንድ ዓምድ ብቻውን ሲቆም የማዕዘን ችግር ምን አገባው? ምናልባት የአምላኩ ምልክት ሆኖ የቆመ ቅዱስ ዓምድ ይሆናል የሚሉ ሊቃውንት አሉ። ቅዱስ ዓምድ ሊሆን እንደሚችል እቀበላለሁ። ነገር ግን የቆመበትን ቦታ ልብ ማለት ያሻል። ከፊቱ ዋናው አዳራሽ ነው፤ ከኋላው ሌላ ክፍል አለ፤ ያም ክፍል በምሥራቅ በኩል የራሱ በር ነበረው። ስለዚህ ያ ዓምድ በመግቢያው የገባም፣ በጎን በር የገባም፣ በኋላ የቆመም የሚያየው ነበር። በአዮኒክ ራስ ቢሆን ለአንዱ ወገን ጎኑን ሰጥቶ ይቆም ነበር። ቅድስናውም ቢሆን ጀርባ የሌለውን ራስ የሚጠይቅ ነው።

ቀጥሎ ባለው መቶ ዓመት ቆሮንቶሳዊው ዓምድ የት የት እንደታየ ብንከታተል ሐሳቡ ይጠናከራል። ዴልፊ ላይ ያለው ክብ ሕንፃ በውጭ ሃያ የዶሪክ ዓምዶች፣ በውስጥ አሥር ቆሮንቶሳውያን ነበሩት። ኤፒዳውሮስ ላይ፣ በመድኃኒት አምላኩ በአስክሌፒዮስ ስፍራ፣ ፖሊክሌይቶስ የሠራው ክብ ሕንፃ በውጭ 26 ዶሪክ፣ በውስጥ 14 ቆሮንቶሳዊ ዓምዶች ነበሩት። ኦሊምፒያ ላይ የመቄዶንያው ፊልጶስ ያስጀመረው ክብ ሕንፃም በውስጡ ቆሮንቶሳዊ ግማሽ ዓምዶች ነበሩት። ሦስቱም ክብ መሆናቸውን አንዘንጋ። ክብ ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው ዙሪያውን ሲያይ እያንዳንዱን ዓምድ በተለያየ አቅጣጫ ያየዋል፤ ቅርብ ያለውን ከጎን፣ ማዶ ያለውን ከፊት። ፊትና ጎን ያለው ራስ እዚህ ውስጥ ቢገባ ግማሹ ፊቱን ያዞረ ጉባኤ ይመስላል። ግሪኮች በዴልፊና በኤፒዳውሮስ ዶሪክን ከውጭ አልነቀሉም፤ ያልሠራላቸውን ከውስጥ ብቻ አነሡ። በነገራችን ላይ በኤፒዳውሮስ ከተገኙት ነገሮች ሁሉ የሚደንቀው መሬት ውስጥ ተቀብሮ የተገኘ አንድ ራስ ነው። ሥራው እጅግ ጥሩ ነው፣ ሕንፃው ላይ ግን አልዋለም። ብዙዎች እንደሚያምኑት አርክቴክቱ ለጠራቢዎቹ ይህን አይታችሁ ሥሩ ብሎ የሰጣቸው ሞዴል ነው። ዛሬ በዚያው ቤተ መዘክር ይታያል። ቅጠሎቹ ከደወሉ ላይ ገና እየተላቀቁ ያሉ ይመስላሉ፤ የማዕዘኑ ጥቅልሎች ቀጫጭን ናቸው፤ ከቅጠሉ በላይ ባለው ሜዳ ላይ ብቻውን የቀረ አበባ አለ። ሞዴሉ አንድ ብቻ መሆኑ በራሱ ይናገራል። ለአዮኒክ ሁለት ሞዴል ያስፈልግ ነበር፤ አንዱ ለረድፉ፣ አንዱ ለማዕዘኑ።

ከውስጥ ወደ ውጭ የወጣበት የመጀመሪያው የታወቀ ሥራ አቴንስ ውስጥ ያለው የሊሲክራተስ መታሰቢያ ነው፤ በ335/334 ከክርስቶስ ልደት በፊት የልጆች መዘምራን ቡድን በማሸነፉ ወጪውን የሸፈነው ባለጸጋ ያቆመው። እሱም ክብ ነው። ይህ ትንሽ ሐውልት ነበር፤ ቆሮንቶሳዊው ዓምድ ለትልቅ ቤተ መቅደስ ውጭ የተደፈረው ግን የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ ባረከሰው በሶርያው ንጉሥ በአንጥዮኮስ ኤጲፋንስ ዘመን ነው። በአቴንስ የዜውስ ቤተ መቅደስ በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት በዶሪክ ተጀምሮ ቆሞ ቀርቶ ነበር። አንጥዮኮስ በ174 ኮሱቲየስ የሚባል የሮም ዜጋ ቀጥሮ ሥራውን በቆሮንቶሳዊ አስቀጠለ፤ ንጉሡ በ164 ሲሞት ሥራው ዳግመኛ ቆመ። በ86 ሮማዊው ጦር መሪ ሱላ አቴንስን ያዘና ከዚያ የተወሰኑ ዓምዶችን ወደ ሮም አስጫነ። ሕንፃውን የጨረሰው ቄሣር ሃድርያን ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ131/132። ከ104ቱ ዓምዶች ዛሬ 15ቱ ቆመዋል፤ አሥራ ስድስተኛው በ1852 ማዕበል ጥሎት ክብ ክብ ድንጋዮቹ እንደ ተደረመሰ የሳንቲም ክምር ተንጋለው ይታያሉ። እያንዳንዱ ወደ 17 ሜትር ይደርሳል። እዚህ ላይ ሁለት ረድፍና ሦስት ረድፍ ዓምድ ነበር፤ ማዕዘኑ ብዙ ነው፣ ውስጡም ውጭውም ይታያል። በዶሪክ ቢሆን የማዕዘኑ ስሌት አርክቴክቱን በፈጀው ነበር። ቆሮንቶሳዊው ግን የራሱ አግዳሚ እንኳ የለውም። ቪትሩቪየስ ራሱ እንደመሰከረው፣ በላዩ የዶሪክንም የአዮኒክንም አግዳሚ መጫን ይቻላል። የትም ይገባል፤ ማንንም ይሸከማል።

አሁን ከሁሉ የሚከብደውን ተቃውሞ እንስማ። ዓምድ ትርጉም አለው ይላሉ። ዶሪክ የወንድ አካል ነው፣ አዮኒክ የወይዘሮ፣ ቆሮንቶሳዊ የልጃገረድ። የተመረጠውም በዚህ መሠረት ነው። ይህም ባዶ ንግግር አይደለም፤ ቪትሩቪየስ ራሱ ጽፎታል። ለማርስ፣ ለሚኔርቫና ለሄርኩሊስ ዶሪክ እንጂ ጌጥ አይገባም፤ ቆሮንቶሳዊ ለቬኑስ፣ ለአበባ አምላክና ለምንጭ ልጃገረዶች ይስማማል ብሏል። ምሁራን ይህን ገጽ ሲጠቅሱ ኖረዋል። ሕንፃዎቹ ግን አልሰሙትም። አውግስጦስ በ42 ከክርስቶስ ልደት በፊት በፊሊጲ ጦር ሜዳ የተሳለውን ስለት ለመክፈል ሮም ውስጥ ቤተ መቅደስ ሠራ፤ በ2 ከክርስቶስ ልደት በፊት ተመረቀ። አምላኩ ማርስ ነው፣ ያውም ተበቃዩ ማርስ። ዓምዶቹ ቆሮንቶሳዊ ናቸው፤ ሦስቱ ዛሬም ከፍርስራሹ በላይ ይታያሉ። መጽሐፉ የተበረከተለት ቄሣር ራሱ፣ ለጦር አምላክ፣ የልጃገረዷን ዓምድ አቆመ። ኒም ላይ፣ ዛሬ ፈረንሳይ በሆነው አገር፣ ለአውግስጦስ ልጅ ልጆች የተሠራውም ቆሮንቶሳዊ ነው። በባልበክ ለጁፒተር የቆሙትም ግዙፎች እንዲሁ። ሴት አምላክም ቢሆን፣ ወንድም ቢሆን፣ ቄሣርም ቢሆን ያው ነው። ትርጉሙ ዓምዱን አስመርጦ ቢሆን ኖሮ ይህ መደበላለቅ ባልመጣ ነበር። የመጣው ለአሠሪዎቹ ዋናው ጉዳይ ሌላ ስለነበረ ነው።

እሺ፣ ችግር ፈቺ ከሆነ ለምን ግሪኮች በቁጠባ ተጠቀሙበት? መልሱ በኤሬክቴዮን የሒሳብ መዝገብ ውስጥ ያለ ይመስለኛል። በ409/408 ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴናውያን የዚያን ቤተ መቅደስ ወጪ በድንጋይ ላይ ጽፈው በአደባባይ አቁመውት ነበር። በዓምዶቹ ላይ ቦይ የቀረጹት ሰዎች ስም፣ የሥራ ቀናቸውና ደሞዛቸው ተጽፏል፤ ለዜጋውም፣ ለመጤውም፣ ለባሪያውም በቀን አንድ ድራክማ። ማንነታቸው ከተለየው 86 ሠራተኞች 24ቱ ዜጎች፣ 42ቱ መጤዎች፣ 20ዎቹ ባሪያዎች ነበሩ። እያንዳንዱ የመሮ ምት በሕዝብ ገንዘብ የሚከፈልበትና ሒሳቡ በአደባባይ የሚነበብበት ከተማ፣ አሥራ ስድስት ቅጠል ያለውን ራስ ለአርባ ዓምድ አይፈቅድም። ቆሮንቶሳዊው ዓምድ ችግሩን አላጠፋውም፤ ከአርክቴክቱ ጠረጴዛ አንሥቶ ጠራቢው መሮ ላይ ጣለው። ለዚህ የኋለኛው ዘመንም ይመሰክራል። ቶማስ ጀፈርሰን የቨርጂኒያን ምክር ቤት በኒሙ ቤተ መቅደስ አምሳል ሲያሠራ ራሶቹን ወደ አዮኒክ ቀየራቸው፤ ምክንያቱ ቆሮንቶሳዊውን መቅረጽ አስቸጋሪ መሆኑ ነበር። ባለሙያ ጠራቢ በሌለበት አዲስ አገር ላይ ሚዛኑ ተገለበጠ፤ አርክቴክቱ ቢቸገር ይሻላል። ሮም ላይ ግን ተቃራኒው ነበር። ከአንደኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት አጋማሽ ጀምሮ ዛሬ ካራራ የሚባለው የእብነ በረድ ተራራ ተከፍቷል፤ ጠራቢዎች ከግሪክና ከእስያ ይመጣሉ፤ ባሪያው ብዙ ነው፤ ትእዛዙ አያልቅም። መሮው ርካሽ፣ ጊዜው ውድ በሆነበት አገር፣ ድካምን ወደ መሮው የሚገፋ ዓምድ ያሸንፋል። ይህን ስናገር የቅጠሉን ውበት አሳንሼ አይደለም። የዚያ ውበት ዋጋ በማን ጀርባ ላይ እንደወደቀ ካልተነገረ ግን የዓምዱ ታሪክ ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ይህ እንዴት እንደሠራ በፓንተዮን ደጃፍ ይታያል። በሃድርያን ዘመን የተጠናቀቀው ይህ ሕንፃ ደጀ ሰላሙ ላይ 16 ዓምዶች አሉት። የግራጫዎቹ ግራናይት ግንድ የተፈለጠው በግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ፣ ሞንስ ክላውዲያኑስ በሚባል ተራራ ነው። አንዱ ግንድ 40 የሮማ ጫማ ይረዝማል፤ ወደ 60 ቶን ይመዝናል። ከተራራው ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ በበረሃ ተጎትቶ ዓባይ ወንዝ ይደርሳል፤ ከዚያ በጀልባ ወደ እስክንድርያ፣ ከዚያ በባሕር ወደ ሮም። ይህን የሚያዝ ሰው ሕንፃው ከመቆሙ ዓመታት በፊት ልኩን ማወቅ አለበት። በሮም ዘመን ከቆሙት ቆሮንቶሳዊ ዓምዶች ብዙዎቹ ሲለኩ ግንዱ የጠቅላላው ቁመት አምስት ስድስተኛ ሆኖ ይገኛል። በዚህ ስሌት 40 ጫማ ግንድ ያዘዘ ሰው ዓምዱ 48 ጫማ እንደሚሆን ያኔውኑ ያውቃል፤ ራሱንና እግሩን ሌላ ጠራቢ፣ በሌላ ቦታ፣ በነጭ እብነ በረድ ሊሠራለት ይችላል። የማዕዘኑ ዓምድ ከሌሎቹ የተለየ ራስ ቢጠይቅ ኖሮ ትእዛዙ ሁለት ዓይነት ይሆን ነበር፤ ስህተቱም እንዲሁ። ከደጀ ሰላሙ ሲገቡ ደግሞ ስፋቱ 43 ሜትር የሆነው ክብ አዳራሽ ነው፤ ዙሪያውን ያሉት ዓምዶች ሁሉ ቆሮንቶሳዊ ናቸው። ከዴልፊና ከኤፒዳውሮስ የጀመረው ነገር እዚህ ላይ ደረሰ፤ ክብ ክፍል፣ በየትም ቢቆሙ ፊቱን የማያዞር ዓምድ። ሮማውያን ይህን ያህል ያውቁት ስለነበር በቲቶ የድል በር ላይ፣ በ81 ዓ.ም. ገደማ፣ የአዮኒክን ጥቅልል በቆሮንቶሳዊው ቅጠል ላይ ሲደርቡ እንኳ ጥቅልሉን አራት ማዕዘን ላይ በሰያፍ አወጡት፤ የአዮኒኩን ፊት ሲወስዱ ጎኑን ትተው ነው።

ከዚያ ወዲያ ዓምዱ ከሕንፃው ተነጥሎ በራሱ መንገድ ሄደ። በምሥራቁ የሮም መንግሥት ዘመን፣ ከቁስጥንጥንያ ደቡብ ምዕራብ ካለችው ከማርማራ ደሴት፣ ድንጋይ ጠራቢዎች የቤተ ክርስቲያን ዓምድ፣ ራስና መከለያ ጠርበው በመርከብ ይልኩ ነበር። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ሲሲሊ አጠገብ ማርዛሜሚ ላይ የሰጠመች መርከብ ውስጥ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ሙሉ የእብነ በረድ ዕቃ፣ ራሶቹ ጭምር፣ ተገኝቷል። በቀይ ባሕር ዳር በአክሱም መንግሥት ወደብ በአዱሊስ፣ በቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘው የመቅደስ መከለያ እብነ በረድም የዚያች ደሴት ሥራ ነው። አክሱማውያን በራሳቸው አገር ድንጋይ በራሳቸው ልክ የሚሠሩ ሕዝቦች ሆነው ሳለ ይህን ያህል ርቀት ማስመጣታቸው፣ የማርማራ ጠራቢዎች ገበያ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር ያሳያል።

የሮም ቤተ መቅደሶች ሲፈርሱም ዓምዱ አልፈረሰም። በ422 እና በ432 መካከል ሮም ላይ በተሠራው በሳንታ ሳቢና ቤተ ክርስቲያን 24 ቆሮንቶሳዊ ዓምዶች ከቀደመ ሕንፃ ተነቅለው ዳግመኛ ቆሙ፤ አግዳሚ ተትቶ በየራሱ ላይ ቅስት አረፈ። ቅስት ከሁለት ወገን በአንድ ራስ ላይ ሲያርፍ ራሱ አራት ማዕዘን ሆኖ በየወገኑ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ቆሮንቶሳዊው ለዚህ ምንም መቀየር አላስፈለገውም። ቱኒዝያ ውስጥ ቃይረዋን ላይ በ836 የታደሰው ታላቁ መስጊድም በመቶዎች በሚቆጠሩ የሮማና የቢዛንታይን ዓምዶች ላይ ቆሟል። የመጡት ከተለያየ ሕንፃ ነው፤ ቁመታቸው እኩል አይደለም፤ ቅጠላቸው አንዱ ሹል ነው፣ አንዱ ለስላሳ፣ አንዱ የተሸራረፈ። ግንበኞቹ ያጠረውን ከራሱ በላይ ድንጋይ ደርበው አስተካከሉት፣ ቅስታቸውንም በላዩ ጫኑ። ፊቱ ወዴት ይሁን ብለው ማዞር አላስፈለጋቸውም።